ይህ ላባ የማን ነው?

ባለፈው ኅዳር ነው። ማሽላው ወተት ይዞ ሊጠነክር ሲል፣ ከተማሪዎቼ አንዱ የሆኑ አዛውንት ማታ ወደ ትምህርቱ ሲመጡ ደብተራቸው ውስጥ ላባ ሸጉጠው መጡ። ስድስት ላባ ነው። ጠረጴዛው ላይ ዘረገፉትና «መምህር፣ ሌባውን ይዤልሃለሁ» አሉኝ።

መምህር ይበሉኝ እንጂ እኔ ገና የሃያ ዓመት ልጅ ነኝ። ፊደል ላስቆጥር መጣሁ እንጂ በወፍ ላይ ልፈርድ አልመጣሁም። ነገሩ ግን የቀልድ አልነበረም። ከመካነ ሰላም ወደ ዓባይ በረሃ በሚወርደው ተዳፋት ላይ ያለው ማሳቸው በወፍ እየተበላ ነው። ከማሳው በላይ ምንጭ አለ። ከምንጩ አጠገብ ትልቅ ሾላ አለ። የሾላው ግንድ ጉድጓድ አለው፤ ጉድጓዱ ውስጥ ደግሞ ትንንሽ አረንጓዴ በቀቀኖች ያድራሉ። የሰፈሩ ጎረምሶች ምክራቸውን ጨርሰዋል። ማታ ወፎቹ ሲገቡ ጠብቀው ጉድጓዱን በድንጋይና በጭቃ ሊደፍኑት ነው። ይህ ካልበቃ ሾላውን ራሱን ሊጥሉት ነው። ሴቶቹ ደግሞ «ሾላው ከወደቀ ጥላውም የለ፣ ምንጩም አይከርምም» ብለው ተቆጥተዋል። አዛውንቱ መካከል ላይ ቀሩ። ማሳው የርሳቸው ነው፤ ሾላው ግን የሁሉም ነው፤ ሽማግሌ የሚቀመጠውም እዚያው ሥር ነው።

«በል እንግዲህ፣ ያ መጽሐፍህ ምን ይላል?» አሉኝ።

ስለ ወፍ የሚናገር አንድ መጽሐፍ አለኝ። ያን ማታ የፊደሉን ትምህርት ትተን ላባውን ስናገላብጥ አመሸን። በሌላ ቀበሌ ያላችሁ አንባቢዎችም ከማሳችሁ ላባ ማንሳታችሁ አይቀርምና ያገኘነውን እጽፍላችኋለሁ።

መጀመሪያ ላባ ምን እንደሆነ እንይ። አንድ ላባ አንሡ። መሃሉ ላይ ጠንካራ ዘንግ አለ። ከዘንጉ ግራና ቀኝ ቀጫጭን ክሮች ወጥተዋል። እነዚያ ክሮች ደግሞ ዓይን የማያያቸው ትንንሽ መንጠቆዎች አሏቸው፤ እርስ በርስ ተያይዘው ላባውን እንደ ሸማ የሚያደርጉት እነርሱ ናቸው። ላባውን ወደ ኋላ ብትልጉት ይበታተናል፤ በጣታችሁ ወደ ፊት ብታሹት ግን መንጠቆዎቹ ተመልሰው ይያያዛሉ። ወፍ በአፏ ላባዋን ስታስተካክል የምትውለው ይህንኑ ለማድረግ ነው።

የወፍ ላባ ሁሉ ደግሞ አንድ ዓይነት አይደለም። የክንፍ ላባ ረጅምና ጠንካራ ነው፤ ዘንጉም መሃል ለመሃል አይሄድም፤ አንዱ ጎን ጠባብ፣ ሌላው ጎን ሰፊ ነው። የመሃል ጅራት ላባ ሁለቱም ጎኑ እኩል ነው። የደረትና የጀርባ ላባ አጭርና ለስላሳ ሲሆን፣ ሥሩ አካባቢ እንደ ጥጥ የተበጠረ ነው። ስለዚህ ላባ ስታነሡ የመጀመሪያው ጥያቄ «የማን ነው?» ሳይሆን «የየት ቦታ ነው?» የሚለው ነው። የጅራት ላባና የደረት ላባ ከአንዲት ወፍ ወጥተው ምንም ላይመሳሰሉ ይችላሉ። እኛም መጀመሪያ የተሳሳትነው እዚህ ላይ ነው። ስድስቱን ላባ የስድስት ወፍ አድርገን ቆጥረን ነበር።

ከስድስቱ ሁለቱ አረንጓዴ፣ አንዱ ረጅም ቀይ፣ ሦስቱ ደግሞ ቡናማ ሆነው ጠርዛቸው ቢጫ ነበር።

በቀቀን ማለት ጎባጣ አፍ ያላት፣ ሁለት ጣት ወደ ፊት ሁለት ጣት ወደ ኋላ ያላት የወፍ ወገን ናት። በዓለም ላይ ብዙዎቹ በቀቀኖች የሚኖሩት በሞቃት አገር ነው፤ በደቡብ አሜሪካ፣ በአውስትራሊያ፣ በአፍሪካ ጫካዎች። የእኛዋ ግን ደገኛ ናት። የኢትዮጵያንና የኤርትራን ደጋና ወይናደጋ ለቃ በሌላ አገር አትገኝም። ጽድ፣ ኮሶ፣ ሾላ ባለበት ትኖራለች፤ ብርዱንም ትችለዋለች። አዲስ አበባ ውስጥ እንኳ በሰው ግቢ ዛፍ ላይ ትታያለች። ቁመቷ ከአፏ እስከ ጅራቷ ጫፍ 16 ሳንቲሜትር ያህል ነው፤ ማለትም ከአንድ ስንዝር ታንሳለች።

ፈረንጆች ለእሷና ለዘመዶቿ የሰጡት ስም «የፍቅር ወፍ» የሚል ነው። ወንድና ሴቷ ተጠጋግተው ስለሚቀመጡና አንዱ የሌላውን ላባ ስለሚያበጥር ነው። በሳይንስ ስሟ ውስጥ ደግሞ «ታራንታ» የሚል ቃል አለበት። ታራንታ ማለት ከቀይ ባሕር ዳርቻ ወደ ኤርትራ ደጋ የሚያወጣ የተራራ በር ነው። ሄንሪ ሶልት የሚባል እንግሊዛዊ ወደ አገራችን ስላደረገው ጉዞ የጻፈው መጽሐፍ በ1814 እ.ኤ.አ. ሲታተም፣ ይህች ወፍ ለመጀመሪያ ጊዜ በሳይንስ ስም ተመዘገበች። ስሙንም ያገኘችው ከዚያ በር ነው። የእኛ አያቶች ግን ከዚያ በፊትም ያውቋት ነበር፤ ያልጻፉት ብቻ ነው።

አሁን ወደ ላባዋ እንምጣ። አካሏ ሁሉ አረንጓዴ ነው። ወንዱ ግንባሩ ቀይ ነው፤ በዓይኑ ዙሪያም ቀይ ቀለበት አለው። ሴቷ ይህ ቀይ የላትም፤ ራሷ አረንጓዴ ብቻ ነው። የሁለቱም አፍ ግን ቀይ ነው። የወንዱ ክንፍ ከሥሩ፣ በብብቱ በኩል፣ ጥቁር ነው፤ ሲበር ወደ ላይ ብታዩት ይህ ጥቁር ጎልቶ ይታያል። ረጃጅሞቹ የክንፍ ላባዎችም ወደ ጥቁር ያደላሉ። እንግዲህ ይህ ብዙ ሰው ያሳስታል፤ ከአረንጓዴ ወፍ ጥቁር ላባ ይወድቃል ብሎ ማን ይገምታል?

ሙሉ ማስረጃ የሚሆነው የጅራቷ ላባ ነው። አጭር ነው። አረንጓዴ ሆኖ፣ ጫፉ ጋ ሊደርስ ሲል ጥቁር ቀበቶ አለው። ከዳር በኩል ያሉት የጅራት ላባዎች ደግሞ ውስጠኛው ጎናቸው ቢጫ አለበት። አረንጓዴ፣ ጥቁር ቀበቶ፣ ቢጫ፤ እነዚህን ሦስቱን በአንድ አጭር ላባ ላይ ካያችሁ የደጋዋ በቀቀን ናት። ከሁለቱ አረንጓዴ ላባዎች አንዱ ልክ ይህ ነበር። አዛውንቱ ይህን ሲሰሙ «አላልኩህም? ሌባው ተያዘ!» ብለው እጃቸውን አጨበጨቡ።

«አያ፣ ቆይ ይታገሡ፤ አምስት ላባ ይቀራል» አልኋቸው።

ሁለተኛው አረንጓዴ ላባ ትንሽ የደረት ላባ ነበር። ቀበቶ የለው፣ ቢጫ የለው። በምን እንለየው? በማግስቱ ጠዋት በፀሐይ አየነው። የአብዛኞቹ አረንጓዴ ወፎች አረንጓዴ እንደ ቅጠል የተቀባ ቀለም አይደለም። የበቀቀን ላባ ውስጥ ያለው ቀለም ቢጫ ነው። ከቢጫው በታች ያለው የላባው ሥጋ ደግሞ እጅግ ደቃቃ ቀዳዳዎች ስላሉት፣ ብርሃን ሲያርፍበት ሰማያዊውን ብቻ መልሶ ይረጨዋል። ቢጫና ሰማያዊ ሲደራረቡ ዓይናችን አረንጓዴ ብሎ ያነበዋል። ጀርባችሁን ለፀሐይ ሰጥታችሁ ላባውን ብታዩት አረንጓዴ ነው። ላባውን በዓይናችሁና በፀሐይ መካከል አድርጋችሁ ብርሃኑ አሳልፎ እንዲመጣ ብታደርጉ ግን አረንጓዴው ይጠፋል፤ የደበዘዘ ቡናማ ወይም ቢጫ ይሆናል። ልጆቹ ይህን ሲያዩ ላባውን ከእጄ ነጠቁኝ። ቀኑን ሙሉ ሲያነሡና ሲጥሉ ዋሉ።

ቢጫውና ቀዩ ቀለም ራሱ ሌላ ጉድ አለው። ብዙ ወፎች ቢጫና ቀይ ቀለማቸውን የሚያገኙት ከሚበሉት ነገር ነው፤ ካልበሉ ይደበዝዛሉ። በቀቀን ግን የራሷን ቀለም ራሷ ትሠራለች፤ ይህ ዓይነት ቀለም በሌላ የወፍ ወገን ላይ አልተገኘም። ሊቃውንት ሲታኮፉልቪን ብለውታል። ስሙ አፍ ይሰብራልና ብትረሱት አልቀየማችሁም።

ሦስተኛው ጉዳይ ቀዩ ላባ ነው። አዛውንቱ «ይህ የወንዱ በቀቀን ነው፤ ግንባሩ ቀይ ነው ብለህ የለ?» አሉኝ። ጥያቄያቸው ደህና ነበር። ነገር ግን የበቀቀኑ ቀይ ላባ ግንባሩ ላይ ያለ የጥፍር ያህል የማይሞላ ብጣሽ ነው። ይህ ቀይ ላባ ከመዳፍ ይረዝማል፤ ዘንጉም ጠንካራ ነው፤ አንዱ ጎኑም ጠባብ ነው። ስለዚህ የክንፍ ላባ ነው። ክንፏ ውስጥ እንዲህ ያለ ደም የመሰለ ቀይ ያላት የጫካችን ወፍ ሶሪት ናት፤ ጉንጯ ላይ ነጭ ምልክት ያላት፣ ራሷ አረንጓዴ የሆነ፣ ጅራቷ ረጅም፣ ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ እየሮጠች የምትጮኸው። ተቀምጣ ሳለ ቀይዋ አይታይም። ስትበር ነው የሚገለጠው።

የሶሪትን ቀይ የሚለይ አንድ ፈተና አለ፤ ለመሥራትም ቀላል ነው። የሶሪት ቀይ ቀለም ውስጥ መዳብ አለ። ከ100 እጅ 6 ወይም 7 ያህሉ መዳብ መሆኑን አርተር ቸርች የሚባል እንግሊዛዊ የኬሚስትሪ ሊቅ ነው የደረሰበት፤ በ1869 እ.ኤ.አ. ስለዚሁ ቀለም ጽፏል። ቀለሙ በሳሙና ውሃ ወይም በአመድ ውሃ ይለቃል፤ የበቀቀን ቀይ ግን አይለቅም። የአዛውንቱ ምራት ከምድጃው አመድ በጥብጣ፣ አጥልላ አመጣችልን። የቀዩን ላባ ጫፍ ነከርነው። ትንሽ ቆይቶ ውሃው ሮዝ መልክ ያዘ። «ኧረ በስማም!» አለች፤ «ይህስ እንደ ርካሽ ነጠላ ነው፣ ያደማል።» የሶሪት አረንጓዴም ከበቀቀን ይለያል። በውስጡ እውነተኛ አረንጓዴ ቀለም አለበት፤ ይህ በወፎች ዘንድ ብርቅ ነው። ሶሪት ደግሞ የጫካ ፍሬ ለቃሚ ናት፤ ማሽላ ላይ አትከሰስም። ቀዩ ላባ ከክሱ ወጣ።

ሦስቱ ቡናማ ላባዎች ቀሩ። እነዚህን መጀመሪያ ማንም ልብ አላላቸውም ነበር፤ ቀለማቸው አያምርማ። መልከ ቀናውን መክሰስ ይቀላል። ሦስቱም ትንንሽ የክንፍና የጅራት ላባዎች ናቸው። መሃላቸው ቡናማ፣ ጠርዛቸው ቢጫ። በቀቀን እንዲህ ያለ ላባ የላትም። መጽሐፉን ስንገልጥ ጎጆዋን በሣር ሸምና ከቅርንጫፍ የምታንጠለጥለው ቢጫዋ ወፍ ሆና ተገኘች። በክረምት ወንዱ ደማቅ ቢጫ ነው፤ በበጋ ግን ደማቁን ልብሱን አውልቆ የደበዘዘውን ይለብሳል። በኅዳር የምትታየው ይህችው የደበዘዘችው ናት። እህል በይ ናት፤ በመንጋም ትወርዳለች።

ታዲያ አዛውንቱን አንድ ጥያቄ ጠየቅኋቸው፤ «እነዚህን ላባዎች ከየት ከየት ነው ያነሡ?»

ዝም አሉ። «ከዚያው ከማሳው ዙሪያ ነዋ» አሉ። ሁሉንም በአንድ ደብተር ስለ ሸጎጧቸው ተደባልቀዋል። ደግነቱ የልጅ ልጃቸው አብሯቸው ነበር፤ ሕፃን አይረሳም። «አረንጓዴዎቹን ከሾላው ሥር አነሣን። ቀዩን ከምንጩ መንገድ። እነዚህን ሦስቱን ደግሞ እኔ ከማማው ሥር ነው ያገኘሁ» አለ። ማማው ያለው ማሽላው መካከል ነው።

ነገሩ በዚህ ተገለበጠ። የበቀቀኗ ላባ የተገኘው ቤቷ ደጃፍ ላይ ነው። ቤቷ ደጅ ላባ መጣሏ ምን ያስከስሳታል? ማሽላው ውስጥ የተገኘው የሌላ ወፍ ላባ ነው። ይሁን እንጂ ላባ የሚመሰክረው ወፏ እዚያ እንደነበረች ብቻ ነው፤ የበላችውን አይናገርም። ስለዚህ ጎረምሶቹን «ሦስት ቀን ስጡን» አልናቸው። እኔ፣ አዛውንቱና ልጁ ሦስት ጠዋት ጎህ ሳይቀድ ማማው ላይ ወጣን።

ብርዱን አልነግራችሁም። ፀሐይ ስትወጣ በቀቀኖቹ ከሾላው ጉድጓድ አንድ በአንድ ወጡ፤ አሥራ አንድ ቆጠርን። እየጮኹ፣ ክንፋቸውን ቶሎ ቶሎ እየመቱ፣ ማሽላውን አልፈው ወደ ላይ ወዳለው ሌላ ሾላ ሄዱ፤ እዚያም ፍሬ ሲለቅሙ ዋሉ። የደጋዋ በቀቀን ዋና ምግቧ የሾላና የጽድ ፍሬ፣ የዛፍና የሣር ዘር ነው። ቢጫዎቹ ወፎች ግን ከዚያ በኋላ እንደ አቧራ መጡ። መቁጠር አቃተን። ልጁ ወንጭፉን ሲያጮኸው ይነሣሉ፣ ከማሳው ወዲያ ማዶ ያርፋሉ። እውነቱን ለመናገር በሦስተኛው ቀን አራት በቀቀኖችም ማሽላው ራስ ላይ አርፈው አይተናል። ጎረምሶቹ ይህን ይዘው ሊከራከሩ ሞከሩ። አዛውንቱ «አራት እንግዳ ገበታዬን አያራቁትም» ብለው ዘጉት።

ጉድጓዱ አልተደፈነም። ሾላውም ቆሟል። ማሽላው ዳነ ወይ ብትሉኝ፣ ያው ሲጠበቅ ይድናል፣ ሲዘነጋ ይበላል። ልዩነቱ ልጆቹ ማማው ላይ የሚወጡበት ሰዓት ነው፤ ቀድሞ ከብት ከወጣ በኋላ ነበር፣ አሁን ጎህ ሲቀድ ሆነ። ቢጫዎቹ ወፎች የሚመጡት ያኔ ነዋ።

በሌላ አገር ክፍል የምትኖሩ፣ ወይም ዘመድ ጥየቃ የምትሄዱ ሌላም በቀቀን ታያላችሁ። በኢትዮጵያ ብቻ የምትገኝ አንዲት አለች፤ ከእኛዋ በጣም ትተልቃለች፤ ሰውነቷ አረንጓዴ፣ ግንባሯና ፊቷ ቢጫ ነው፣ አፏም ቀይ ሳይሆን ጥቁር ግራጫ ነው። ላባዋ ከመዳፍ ሊረዝም ይችላል፤ የእኛዋ አይረዝምም። በስምጥ ሸለቆና በደረቁ ቆላ ግራር ባለበት፣ ወንዱ ሆዱ ብርቱካን የሚመስል ቡናማ በቀቀን አለ። በምዕራብ ደግሞ ትከሻው ላይ ቢጫ ያለው ሌላ ቡናማ አለ። በምዕራብ ቆላ ጅራቱ እንደ ጦር የረዘመ አረንጓዴ በቀቀን ይኖራል፤ እሱን ለማወቅ አንድ የጅራት ላባ ይበቃል። ወደ ምዕራብና ደቡብ ምዕራብ ድንበር ፊቷ ቀይ የሆነ ትንሽ በቀቀን አለች፤ የእኛዋ የቅርብ ዘመድ ናት። ከእነርሱ ጋር የእኛዋ ስድስተኛ ትሆናለች።

ከእኛ ቀረብ ብሎ ያለው ትልቁ ጫካ ደንቆሮ ነው፤ ዛሬ የቦረና ሳይንት ወረሂመኖ ብሔራዊ ፓርክ አካል ነው። ጭላዳና ቀይ ቀበሮ ያለበት ነው። ከፓርኩ ውስጥ ላባ ስታዩ አንብቡትና እዚያው ተዉት። በየማሳችን መካከል የቀሩት ሾላና ዋርካዎች ግን ጠባቂያቸው እናንተው ናችሁ። በቀቀኗ በራሷ አፍ ጉድጓድ ቆፍራ ቤት አትሠራም። የበሰበሰ ግንድ፣ ግንደ ቆርቁር የተወው ቀዳዳ፣ አንዳንዴም የግንብ ስንጥቅ ትፈልጋለች። አሮጌ ዛፍ ሲቆረጥ ቤቷ አብሮ ይሄዳል፤ ወጣት ዛፍ ደግሞ ጉድጓድ የለውም፣ ዘመን ይፈልጋል። ጫጩቷን ከጉድጓድ አውጥተው ለመሸጥ የሚያዞሩ ልጆችም አይቻለሁ። አብዛኞቹ ጫጩቶች ገበያ ሳይደርሱ ይሞታሉ፤ እኔ ይህን አልወድም።

አንድ ነገር ልጨምር። በትልልቅ ከተሞች የወፍ ቆዳና ላባ የሚያስቀምጡ ቤተ መዘክሮች አሉ። እዚያ ከእያንዳንዱ ወፍ እግር ላይ ትንሽ ወረቀት ታስሯል። ቀኑ፣ ቦታውና የያዘው ሰው ስም ተጽፎበታል። ወረቀቱ ከጠፋ ወፏ ለሊቃውንቱ ከግማሽ በላይ ዋጋዋን አጣች ማለት ነው። እኛም ያን ማታ ሕፃኑ ባያስታውስ ኖሮ ስድስቱ ላባዎች ምንም አይሉንም ነበር።

ይህን ለአዛውንቱ ስነግራቸው ደብተራቸውን ገልጠው ባዶ ገጽ ፈለጉ። የጅራቷን ላባ በሙጫ ለጠፉት። ከሥሩ እርሳሱን እየጫኑ መጻፍ ጀመሩ። «ሾ» ላይ ቆሙና «ይህ ሰባተኛው ነው አይደል?» አሉኝ። አዎን አልኋቸው። ከዚያ ጨረሱት፤ «ሾላ ሥር። ኅዳር 14። አረንጓዴ በቀቀን።» ቀጥለው ሦስቱን ቡናማ ላባ ከጎኑ ለጠፉና «ማማ ሥር» ብለው ጻፉ። ስሙን ግን አልጻፉም። «የዚህችን ስም ነገ እጽፋለሁ፤ ዛሬ ተናድጄባታለሁ» አሉ።